የውሃ ልክ

አባቴ ይህችን ጀልባ ሦስት ክረምት ሠራት፣
የጎድን አጥንቷን በእንፋሎት እየገራት፣
ስንጥቋን በበግ ጠጉር፣ በሙጫ እየደፈነ፣
ቀን ዓሣ እያጠመደ፣ ማታ አናጢ እየሆነ።
በቺሎኤ ደሴት ዝናብ ማረፍ አያውቅም፤
እንጨቱ ይድረቅ ብሎ ሰው አይጠብቅም።

ሞተር ግን በመጥረቢያ አይጠረብም፤ ይገዛል፣
አለዚያም ከሟች ጓዳ፣ ከአቧራው ይመዘዛል።
የሊሳንድሮን አገኘን፤ ቀለሙ የተላጠ፣
በሁለት ጠቦትና በጆንያ ድንች የተለወጠ።
«ይነሣል ወይ?» ቢላት አባቴ፣ ባልቴቷ ኦርቴንሲያ
ጠቦቶቹን ወደ ጋጣው እየጎተተች፣
«ለእሱ ይነሣ ነበር» አለች፤
በሯን ዘጋች።

ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ፣ ጀልባችን ጭቃው ላይ ተኝታ፣
አጎቴ ባልዶሜሮ ከታች፣ አባቴ ከላይ «በርታ! በርታ!»
እኔ ፋኖስ ይዤ፣ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ገብቶ፣
ያ ብረት ከሁለት ሰው በላይ ከብዶ፣ ዘይቱን ተፍቶ፣
እንደ ሰከረ ዘመድ ብብቱን ይዘው አቆሙት፤
የኋላ ሳንቃዋን ጫፍ በሁለት ጥርሱ አስነከሱት።

ጉዱ የታየው ያኔ ነው።
እግሩ ረዝሟል። ስንዝር ከአራት ጣት።

ከፕሮፔለሩ በላይ ክንፍ የምትመስል ሳህን አለች፤
ከጀልባ ሆድ እኩል ካልዋለች፣ ወይ አየር ትጠጣለች፣
ወይ ውሃ ስታርስ፣ ቤንዚን ስትበላ ትውላለች።
የሊሳንድሮ ጀልባ ኋላዋ ከፍ ያለ ነበር፤
ሞተሩ የለመደው የሌላይቱን ከንፈር።
«እግሩን እንቁረጠው» አለ አጎቴ፤ ብቻውን ሳቀ።
አባቴ ጢሙን እየጎተተ ብዙ ጠበቀ፤
«ለጫማ ተብሎ እግር አይቆረጥም» አለ፤
ወደ ቤት ዘለቀ።

ይዞ የወጣው ሳንቃ የእናቴ ጠረጴዛ ነበር፤
ማለቴ፣ ሊሆን የታሰበ፤ ከሠርጋቸው ጀምር።
ስድስት ዓመት ከአልጋው ሥር ቃል ሆኖ የኖረ።
እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣
«ጠረጴዛዬም ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ!» አለች።

በኋላዋ ሳንቃ አናት ላይ ደረበው፤ ላገው፤
መሮው ሲንሸራተት አውራ ጣቱን ሸረፈው።
ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች፤
ላገ፤ ደግሞ አስቀመጠ፤ ወደ ቀኝ አመለጠች፤
በሦስተኛው መሐል ገብታ፣ እንደ ዓይን ብሌን ቆመች።
አራት ብሎን፣ አራት ዳዶ፤ ከዚያ ወፍራም ሰንሰለት፣
ድንገት ነክሶ ቢለቅ እንኳ፣ እንዳይወስደው ጥልቀት።

ባሕሩ መጣ።
መጀመሪያ በጣቶቹ፣ ቀጥሎ በሙሉ መዳፉ፣
ጀልባዋን ከጭቃው አነሣት፣ አቅፏት በእቅፉ።
አባቴ ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ ሳለ።
ሳበ፤ ሳለ።
ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጠርጎ መለሰ፤
ሳበ፤ ጭራሽ ዝም አለ።
አጎቴ ቅዱሳንን በየስማቸው እየጠራ ረገመ፤
አባቴ ደግሞ ሳበ፤ እጁ እስኪያብጥ፣ ትከሻው እስኪዝል አመመ።

ማንም አልጠራትም። ኦርቴንሲያ በቦት ጫማዋ
ባሕር ገባች እስከ ጉልበቷ፣ ዝናብ እየወረደ በሻማዋ፤
«አየሩን ግማሽ ዝጋ» አለችው፤ «ሙሉ አይወድም።
አንገቱ ሥር በመዳፍህ አንዴ ምታው፤ ሁለቴ አይደገምም።
አሁን ቁጠር እስከ አምስት። ከዚያ ቀስ፤ ጫፉ ላይ ንጠቅ።»

መታ። ቆጠረ። ነጠቀ።
ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ፈነደቀ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት፤
ጩኸቱን ጩኸቴ እንዲያሸንፍ እየታገልኩ።
«ሃያ ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማ ነበርኩ፤
ጥፊው፤ ዝምታው፤ ከዚያ ሞተሩ፤ እንደገና እተኛ ነበርኩ።»
ከውሃው ወጥታ ቦቷን ገለበጠች፤ አፈሰሰችው።
«በስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?» ብላ አባቴን ጠየቀችው።
«አሥራ አንድ ላይ።»
«እሱ አሥር ተኩል ነበር» አለች፤ ዳገቱን ተያያዘችው።

ከዚያ ወዲህ እኛም አሥር ተኩል እንወጣለን።
ዓሣው ያው ነው፤
እኛ ግን እናዛጋለን።